በአንድ እጅ የተሞላ መጠይቅ

ሰኞ፣ ጥር 20። ከጠዋቱ 2፡30

ስለ ቀበሌ አገልግሎት የማጠናበት መጠይቅ እንደገና ተተየበ። ሦስተኛ ጊዜ። የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ ጥያቄ 14 ይስተካከል ብሎ መልሶት ነበር፤ አስተካከልኩት። «ጉዳዬ በተቀመጠለት ጊዜ ይፈጸምልኛል።» ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»፣ አምስት ሳጥን። ገበሬ በሳጥን አይናገርም ስለው የትምህርቱን ሞጁል አንብቢ ይለኛል። አንብቤዋለሁ እኮ። ናሙና አወሳሰድ፣ ተገቢነት፣ አስተማማኝነት፤ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ብቻ ጥናቱ ይለቅልኝ፣ ደብተሬ። ማስተርሱ ካልተያዘ የመሥሪያ ቤቴን የቡድን መሪነት አላገኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ሠርቼ ሌላ ሰው ሲፈርምበት ኖርኩ። በቃኝ። ነገ ንፋስ መውጫ ከተማ ሄጄ አባዛዋለሁ፤ እዚህ መብራት እየቆራረጠ ማባዣው አልሠራ ካለ አራት ቀኑ።

ሐሙስ፣ ጥር 23። ማታ 12 ሰዓት

ቀበሌ ዋልኩ። የአባወራ መዝገቡን ተቀብዬ በየአሥረኛው ስም ላይ ምልክት አደረግሁ። ማንንም ሳልመርጥ፣ ሞጁሉ እንደሚያዘው። የእትዬ አንጓችም ስም ወጣ። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የመሬት ደብተሩን በስማቸው ለማዞር ይመላለሳሉ። ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይናገራል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትሁት ሆነብኝ። ቤቱ ሁሉ ገደል ለገደል ነው፣ ምን አንከራተተሽ፣ የአንድ ለአምስት መሪዎቹ ያስሞሉልሻል አለ። እያንዳንዱ መሪ አምስት ቤት አለው፤ ለማዳበሪያም ለስብሰባም የሚጠራው እሱ ነው። የመጣሁበት የጤና ጣቢያው መኪና ሊመለስ ተነሥቷል። ተረከዜ ተልጧል። እሺ አልኩ። መጠይቁን ሁሉ ከስም ዝርዝሩ ጋር አስረክቤ መጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 29። ቀትር

መጠይቁ ተሞልቶ ተመልሶ መጣ። አንድም አልጎደለ። ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለት ሦስቱ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ»፣ የቀሩት ሁሉ «በጣም እስማማለሁ»። የምልክቱ ጭራ እንኳ ወደ አንድ ጎን ነው የሚጎተተው። ለአስተያየት በተተወው ቦታ ሁሉም ላይ አንድ ቃል፤ «የለም»።

የእትዬ አንጓችን ፈልጌ አወጣሁ። ጥያቄ 14፣ በጣም እስማማለሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስወረውረው የቢሮ ጓደኛዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። አማካሪዬ እንደደረሰሽ ላኪ ብሎኝ ነበርና እንዳለ ላክሁለት፤ ራሱ ይየው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2። 8 ሰዓት

እትዬ አንጓችን ገበያ አገኘኋቸው። ገብሳቸውን ሸጠው ሊመለሱ ነበር። ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ነገሩኝ። ባለፈው እሑድ ስማቸው የወጣውን ሰዎች የአንድ ለአምስት መሪዎቹ ከቅዳሴ መልስ ሰበሰቧቸው። የሴፍቲኔት እርዳታ ማጣሪያ ነው፣ ሥራችንን ያማ ከእርዳታው ይሰረዛል ተባሉ። ማንም አልተጠየቀም፤ አንዱ መሪ ተቀምጦ ሲሞላ እነሱ ቆመው አዩ። ስሜ ሲጠራ እርዳታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር አሉ። እዚህ ላይ መሬት ውጪኝ አልኩ።

ሊቀመንበሩን ልክ አገባዋለሁ፣ አንድ ሳላስቀር ጥናቱ ላይ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ክንዴን ጨምቀው ያዙኝ። «ተይ ልጄ። አንቺ ጽፈሽ ትሄጃለሽ፤ እሱ ከኛው ጋር ነው የሚውል የሚያድር። ማን ነገራት ብሎ ሲያጣራ እኔ ዘንድ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

 ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ሰኞ፣ የካቲት 4። 5 ሰዓት

አማካሪዬ ደወለ። የላክሁለትን በኮምፒውተር አስገብቶት ተደስቷል። የአስተማማኝነት ቁጥሩ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ነው፤ በዚሁ ወር ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ ጥናትሽን ትከላከያለሽ አለኝ። አንድ ሰው ነው የሞላው አልኩት። ኮሚቴው እስክሪብቶ አያይም፣ የሁሉም እንደዚሁ ነው፣ ወሬ አታብዢ አለ። እኔ ወሬ አበዛሁ!

መልሶቹ እርስ በርስ ከተስማሙ አስተማማኝ ነው ይላል ሞጁሉ። አንድ ሰው ከራሱ ጋር እንዴት አይስማማ?

ሊቀመንበሩን ስረግም ሰነበትኩ። መኪናው ላይ የወጣችው ግን ማን ናት? ሳልጠይቅ፣ ሳላስረዳ፣ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳልናገር የሰው ስም ለቅሜ ለእሱ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ተረከዜ ስለተላጠ። 

ማክሰኞ፣ የካቲት 5። 9፡30

የተሞላውን መጠይቅ እንዳለ ባስገባው፣ ሕዝቡ በጣም ረክቷል የሚል ጥናት በስሜ ይታተምና ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ያነበዋል። እውነቱን ብጽፍ እትዬ አንጓች ከእርዳታው ይሰረዛሉ። ጠዋቱን ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ዋልኩ።

ለዩኒቨርሲቲው የጻፍኩት ይህን ነው። መረጃ አሰባሰቡን በቸልተኝነት ሳልከታተል ስለቀረሁ መረጃው ዋጋ የለውም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። መመረቂያዬ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍልኝ። የቀበሌውን ስም አላነሣሁም። የማንንም አላነሣሁም። የቡድን መሪነቱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። እኔ ስሠራ ሲፈርም የኖረው ሰውዬ ያገኘዋል። ያግኘው።

በመ/ቤቱ በኩል ስለሚላክ አለቃዬ ማኅተም ሊያደርግበት አነበበው። እዚህ ደርሰሽ ለምን አለኝ። ሰነፍኩ፣ ጋሼ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ጥዬ መጣሁ አልኩት።

አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨመረም። ወዲያው አመነኝ።