ያላየሁት ጋቢ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ዛሬም ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጎረቤቴ ስለ ሸማኔው እንድሪስ ነው። ባለፈው ሐሙስ ነጭ ጋቢ አጥር ላይ አስጥቶ ለጣሊያን አውሮፕላን ምልክት ሰጠ፣ ቦምቡን ያስጣለብን እሱ ነው ይላሉ። ሸማኔ የሠራውን ጋቢ አጥቦ ካላሰጣ ምን ያድርገው?

ከሰዓት በኋላ የአርበኞቹ አለቃ ባላምባራስ ካሳ ቤቴ መጡ። ነገ እንድሪስን በባንዳነት ሊፈርዱበት ነው።

«መሪጌታ፣ አንቱ የቅርብ ጎረቤቱ ነዎት። ሲያሰጣ አይተውታል አይደል?»

«አዎ» ልል አፌን ከፈትሁ። ጋቢው፣ ጥለቱ፣ ነፋሱ ሲያርገበግበው፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ግን ሐሙስ እኮ ሐሙሲት ገበያ ነበርሁ! ያደርሁትም እዚያው ነው። ከሰው አፍ የሰማሁትን ነው ዓይኔ ያየው የመሰለኝ።

«አላየሁም። አልነበርሁም» አልኋቸው።

«ሌላው ሁሉ አይቷል» አሉና ትክ ብለው አይተውኝ ወጡ።

ወዲያው ባለቤቴ ያጠበችውን ነጠላ አጥር ላይ ልታሰጣ ስትል ሮጬ ከእጇ ነጠቅኋት። ይኸው፣ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።