«ትቷል» ያልሁ ዕለት

ሰይዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አላህ ማረፊያህን ያሳምርልህ። ይህን የምጽፍልህ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው። ተማሪዎቹ ፈተና ጨርሰው ስለሄዱ ዛሬ የሚጠራኝ የለም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም እዚያው ዓባይ ማዶ ነን። መንገዱ ኮብልስቶን ስለተነጠፈበት ባጃጆቹ እስከ በራችን ይገባሉ። ልጅህ ነጃት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ በቁመት በልጣኛለች። መጋዝህንና መሮህን ለወንድምህ ለሑሴን ሰጠሁት። ሁለታችሁ ሐይቁ ዳር ትሠሩበት በነበረው ቦታ አሁን ብቻውን ጀልባ ይሠራል። እኔም የባል ሐዘን ኢዳዬን አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጬ እንደጨረስሁ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ባለፈው ዓመት መቅደስ የምትባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ እኔ መጣች። የምታጠናው ጤና ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ሲጋራ ማጨስ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ስላለው ግንኙነት የተሠሩት ጥናቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደተለወጡ የሚመለከት ነው። እሷ ራሷ በሽተኛ አትመረምርም፤ ሌሎች ምን እንደጠየቁ፣ መቼና የት አገር እንደጠየቁ ትለያለች። ጽሑፎቹን ፈልጌ በየርእሳቸው እንድመድብላት ለመነችኝ። ሥራዬ ነውና እሺ አልሁ። ባሌ በዚሁ በሽታ እንደሞተ አልነገርኋትም።

ሦስት ወር ፈጀብን። የቀደሙት ጥናቶች ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት ይልቅ በዚህ በሽታ ይያዛሉ ወይ? መልሱ አዎ መሆኑ ሲጸና ጥያቄው ተቀየረ። ስንት ዓመት ያጨሰ? በቀን ምን ያህል? ካቆመ በኋላስ አደጋው ይቀንሳል ወይ? ይቀንሳል፣ ግን በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ቆይቶ ደግሞ ስለ ሴቶች፣ ሳያጨሱ የሰው ጭስ ስለሚተነፍሱ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። ከእኛ አካባቢ የወጣ ስንፈልግ ግን ብዙም አላገኘንም።

እኔም አንተም ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ ይመስለን ነበር። አንድ ጊዜ ሳል ጠንቶብህ የደረት ራጅ ተነሥተህ፣ ምንም የለም ሲሉህ ፊልሙን ይዘህ እየሳቅህ ገባህ። «ይኸው ዘሀራ፣ ሳንባዬ የሕፃን ነው፤ ከእንግዲህ አትጨቅጭቂኝ» አልኸኝ። እኔም ተውሁህ። አሁን እንደማነበው ከሆነ፣ የጭሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ያልፋል፤ ኩላሊት ያጣራዋል፤ ከሽንት ጋር ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ ግድግዳውን እየነካ ይቆያል። ያ ራጅ ይህን የሚያሳይ አልነበረም።

ሽንትህ ሲቀላ መጀመሪያ ለማንም አልተናገርህም። ስለማያምህ ቸል አልኸው፤ በሳምንቱም ጠፋ። ለእኔ የነገርኸኝ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ነው። ሐኪም ቤት ፊኛህ ውስጥ የካንሰር እብጠት አግኝተው በመሣሪያ ፍቀው አወጡልህና ሲጋራ የግድ ማቆም እንዳለብህ ነገሩህ። ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ስንመለስ ዶክተሩ አቁመህ እንደሆነ ጠየቀህ። «ትቻለሁ» አልህ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። የዚያኑ ቀን ጠዋት ከምትሠራው ጀልባ ጀርባ ቆመህ ስታጨስ አይቼሃለሁ። ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። «ትቷል» አልሁ። ዶክተሩም ጻፈው። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዝኸኝ። እብጠቱ ሲመለስ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር።

መቅደስ ከሰበሰበቻቸው የቅርብ ጊዜዎቹ አንዳንዶቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ በሽታው ከተገኘባቸው በኋላ ማጨስ የቀጠሉት ምን ይሆናሉ? እነዚያ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ቆየሁ። ማቆም እንደሚሻል ይናገራሉ፤ ምን ያህል እንደሚረዳ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። ስለ አንድ ሰው የሚናገር ደግሞ የለም። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ዛሬ ትኖር እንደሆነ ከወረቀቶቹ አላገኘሁም፤ ወደፊትም የማገኘው አይመስለኝም።

መቅደስ ጽሑፏን ጨርሳ ልታመሰግነኝ ስትመጣ ስለ አንተ ነገርኋት። «እትዬ ዘሀራ፣ ቀድመው ቢነግሩኝ ይህን ሥራ ለእርስዎ አልሰጥም ነበር» አለችኝ። «ለዚያ ነው ያልነገርሁሽ» አልኋት።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ሑሴን ቤታችን መጣ። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሙቀቱ ሲያወራ ቆየና ሊሄድ ሲነሣ «ሽንቴ ቀልቷል፤ ውሃ ሳልጠጣ ፀሐይ ላይ ስለምውል ይሆናል» አለኝ። ነጠላዬን እየጎተትሁ ወጥቼ ባጃጅ ጠራሁ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ያጨስ እንደሆነ ስትጠይቀው «አልፎ አልፎ» አላት። እኔ ግን «በቀን ከአንድ ፓኮ በላይ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል» አልኋት። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ትንሽ እብጠት ተገኘበት፤ ገና ከላይ ስለነበር ፍቀው አወጡለት። በየሦስት ወሩ ይታያል፤ እስካሁን አልተመለሰም። ሲጋራ እርግፍ አድርጎ ተወ ብዬ ግን አልዋሽህም። ሁለት ጊዜ አቁሞ ሁለት ጊዜ ጀምሯል፤ አሁን ሦስተኛው ሙከራው ነው። ለሐኪሟም እንዲህ ብሎ ራሱ ይነግራታል።

ነጃት አባቷ የሞተው በኩላሊት ይመስላት ነበር። ለጎረቤትም ለዘመድም እንደዚያ ስንል ነው የቆየነው። ያለፈው ዓርብ አስቀምጬ የበሽታውን ስም ነገርኋት። ሐኪም ፊት ያልሁትንም ጨምሬ። አለቀሰች፤ ተቆጣችኝም፤ ከዚያ «አባዬ ፈርቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ እኔም ፈርቼ ነበር አልኋት። ይህን ለአንተ እንኳ ብዬህ አላውቅም።

ሰይዴ፣ አልረሳህም። የሠራሃት የመጀመሪያዋ ጀልባ ላይ አስቀምጠኸኝ ውሃ ሲገባብን በኮፍያህ እየጨለፍህ የሳቅኸውን፣ ዕድሜህን ሙሉ ሰው የማትዋሽ ሆነህ ያን ቀን ብቻ የዋሸኸውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ እይዘዋለሁ። ባልሽ ምን ሆኖ ሞተ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከእንግዲህ የሚሰማው እውነቱን ነው።

ባለቤትህ ዘሀራ
ዓባይ ማዶ