የአባባ እግር

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ፣ ባትጠይቀንም፣ ደህና ነን።

«አባባን በየቀኑ ስፖርት አሠሪው» ብሎ በስልክ ማዘዝ ቀላል ነው። ግድግዳ ተደግፎ እግሩን እንዲያነሳ ስለምነው፣ ስድቡን ስጠጣ የምውለው እኔ ነኝ። ለማንኛውም፣ ከወደቀ ወዲህ አልታዘዝ ያለው እግሩ ተፍታቷል። ትናንት ከወንበሩ ብቻውን ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ወዴት ነው አባባ?» አልኩት።

«እናትሽን ከሥራ ልቀበላት ነዋ!»

አንተ ቀብሯ ላይ ስላልነበርክ፣ እንደሱ ብትጠብቃት አይገርመኝም። እኔ ግን ምን ልበለው? ኮቱን አልብሼው ወጣን፤ ሰፈሩን ዞረን ተመለስን። አሁን በሩን እቆልፋለሁ።

ከእንግዲህ ስትደውልለት መጀመሪያ ስምህን ንገረው።

ደህና ሁን ማለት ደንብ ስለሆነ፣ ደህና ሁን።

እህትህ