ስኳር የተጠቀለለበት ፈተና

ቅዳሜ፣ ጥር 9



የልጄ የሙና የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አዲስ አበባ የቀሩ የየመኖችና የአርመኖች የልጅ ልጆች ኑሮ ለምን እንደተራራቀ ነው። ዛሬ ሲኤምሲ፣ ዶክተር አኒ ጋ ወሰድኳት። አኒ የድሮ ጎረቤታችን የአርመኑ ጫማ ሰፊ ልጅ ናት።

መንገድ ላይ ሙናን፣ "ይሄ ደግሞ ጥናት ይፈልጋል? አርመኖቹን ቤተ መንግሥት ያውቃቸዋል፤ እኛን የየመን ባለሱቆችን የሚያውቀን ሚዛን ብቻ" አልኳት።

አኒ የልጅነት ደብተሮቿን አወጣች። አባቷ አንዱንም አልጣለም። እኛ ቤት ግን ያለቀ ደብተር ተቀዶ ስኳር ይጠቀለልበት ነበር። ከደብተሮቿ መሀል አንድ የተጨማደደ ወረቀት ወደቀ። ስሜ የተጻፈበት የሒሳብ ፈተና፣ ከአስር አስር!

"አባዬ ከሱቃችሁ የገዛውን ስኳር ሲፈታ ነው ያገኘው" አለችኝ። "ያኔውኑ አባትህ ጋ ሄዶ፣ 'ልጅህ ሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ከትምህርት እንዳታስቀረው' ብሎታል። አልነገረህም?"

ነግሮኛል እንጂ። ግማሹን። ከስድስተኛ ክፍል ያስወጣኝ ዕለት፣ "ሒሳብ ጎበዝ ነው አሉኝ፤ በል ና ሚዛኑን ያዝ" ነበር ያለኝ።