የፍልፈሏ ዓይኖችና የልደት ጥያቄ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ የባሌ ብርድም በቢሮዎ በር እንዳያልፍ ከልብ እመኛለሁ። ሙሉሃብት እባላለሁ። ጎባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሕፃናት ሳስተምር ቆይቼ፣ በመልካም ፈቃድዎ ካለፈው ወር ጀምሮ በትምህርት ቤቱ መጋዘን የጠመኔ ካርቶን እጠብቃለሁ። ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ጥፋቴን አልክድም። ለተማሪዎቼ የፍልፈል ዓይኖች እንዴት አናቷ ላይ እንደወጡ ተረት አውርቻለሁ። ሆዳሟ ፍልፈል ሣር ልትበላ ብቅ ባለች ቁጥር ቀይ ቀበሮ ደጇ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ከጉድጓዷ ሳትወጣ ልታየው ስታንጋጥጥ፣ ስታንጋጥጥ፣ አንድ ቀን ዓይኖቿ ግንባሯን አልፈው አናቷ ላይ ጉብ አሉ። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

ሁለተኛ፣ ከሳቁት አንዷ ልደት ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ከዲንሾ ሲመለስ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ያን ዕለት ግን ቀሚሴን ይዛ፣ «ቲቸር፣ ቀበሮው አሁንም ደጅ ነው?» አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሱፐርቫይዘርዎ ገብተው፣ «ይህ ተረት በስንት ቁጥር ደብዳቤ ጸደቀ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሳምንቱ ተዛወርኩ፤ ከተማሪዎች ጋር እንዳልነጋገርም ታዘዝኩ። ስለ ፍጥነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ልደት እንደገና ዝም አለች። እናቷ ወይዘሮ ሠርከአዲስ መጋዘን ድረስ መጥተው፣ «በር በሩን እያየች እርስዎን ትጠብቃለች፤ ምግብም እምቢ ብላለች» እያሉ አለቀሱ። ወደ ክፍሉ ልገባ ስል ዘበኛው ሮቤራ አንገቱን ደፍቶ፣ «ዲፋማ እህቴ፣ ይቅር በዪኝ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። አራት ጊዜ ሮቤ ተመላለስኩ፤ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የማያልቅ ስብሰባ የሚችል ብርታት ስለሰጠዎ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ባለፈው እሑድ ትእዛዝዎን ጥሼ ቤታቸው ሄድኩ። ልደትን አቅፌ፣ «ቀበሮው ሄዷል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ አንቺን ማን በላሽ?» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ክቡር ሆይ፣ ደመወዜን ይቀንሱ፣ በተረት ፈንታ የቁጥር ሰንጠረዥ ያስነብቡኝ፤ ብቻ ወደዚያ ክፍል ይመልሱኝ። እለምንዎታለሁ።

ከጠመኔ አቧራ መካከል እጅ የምነሳ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣
ሙሉሃብት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ «ዝምተኛ ተማሪዎችን እንዴት እናናግር» ለሚለው ሥልጠናዎ ወንበር እንድደረድር ከቢሮዎ ታዘዝኩ። ደርድሬያለሁ። የፊተኛው የእርስዎ ነው።