እምቢታን በክብር የመዘገቡት አቶ ይገዙ ነጋሽ

አቶ ይገዙ ነጋሽ ከአባታቸው ከአቶ ነጋሽ ሀብታሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ አስፋው መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ይጻፍ ስለነበር፣ ወረቀት በመጣ ቁጥር የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ነበር። አቶ ይገዙ በልጅነታቸው አባታቸውን እየተከተሉ ይህን ማየታቸውን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያወሱት ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በድሬዳዋ በ1970 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ በወደብ ሠራተኝነት፣ በኋላም በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ተቀጥረው ሠሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1986 የነበሩበት መርከብ አየርላንድ ሲደርስ ጥገኝነት ጠይቀው በዚያው ቀሩ።

በ1990 በደብሊን ፋርማሲ ያጠኑ ከነበሩት ከወይዘሪት ፍቅርተ ሰርፀ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወሰኑ። ለጋብቻ ሲጠይቁ «ካልፈለግሽ እምቢ በይኝ፤ ቅር አይለኝም» ብለው ነበር። ቅር እንደሚላቸው ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር። በ1991 ራኬብን፣ በ1994 ኤርሚያስን ወለዱ።

ቤተሰቡ በምዕራብ አየርላንድ በባሕር ዳርቻ ባለች አነስተኛ ከተማ ሲኖር፣ አቶ ይገዙ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ልጆችን የሚያስተምረው አይሪሽ በሚባለው የአገሩ የራሱ ቋንቋ ነበር። አቶ ይገዙም ቋንቋውን ከኋላ ወንበር ከሚጮኹ ሕፃናት ተማሩት። መጀመሪያ የለመዱት ስድቡን እንደነበር አልደበቁም።

ችግሩ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ነበር። በአካባቢው በአይሪሽ የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ስላልነበረ፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይበተናሉ። የራኬብ ተራ ሲቃረብ አቶ ይገዙ ከርዕሰ መምህርቷ ከወይዘሮ ኖራ ጋር ሆነው ተነሡ። የትምህርት ሚኒስቴሩ መልስ አጭር ነበር፤ ቢያንስ ሃያ አምስት ልጅ ካልተመዘገበ ትምህርት ቤት አይከፈትም። አቶ ይገዙ በየመንደሩ አውቶቡሳቸውን እያቆሙ ወላጆችን አነጋገሩ። ጉዳዩን ለመመርመር የመጣው ባለሥልጣን ጥቁሩን ሹፌር ሲያይ በእንግሊዝኛ ዝግ ብሎ «ስንት ልጅ ታመጣለህ?» ሲል ጠየቀ። አቶ ይገዙ በአይሪሽ መለሱለት፦ «ጠዋት ጠዋት ሠላሳ አንድ አመጣለሁ። ሰኔ ላይ አሥራ አንዱ ቋንቋቸውን ወንበር ላይ ትተውልኝ ይወርዳሉ።» ሰውዬው ፊቱ ቀልቶ የቀረውን ንግግር በአይሪሽ ለመቀጠል ተገደደ፤ ወይዘሮ ኖራ እንደሚሉት ብዙም አልቀናውም።

በሴፕቴምበር 2003 ትምህርት ቤቱ በአሮጌ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተከፈተ። የተመዘገቡት ሃያ ሰባት ነበሩ፤ ሃያ ሰባቱም መጡ። አንዷ ራኬብ ነበረች። ዛሬ ያ ትምህርት ቤት የራሱ ሕንፃና ከአራት መቶ በላይ ተማሪዎች አሉት።

በ2009 ወይዘሮ ፍቅርተ በአሜሪካ፣ በአትላንታ በሆስፒታል ፋርማሲ ሥራ በማግኘታቸው ቤተሰቡ በአቅራቢያዋ ወዳለችው ወደ ስኔልቪል መጣ። አቶ ይገዙ እዚህም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ ክፍተት አዩ። በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት ፊደል ይቆጥራሉ፤ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ግን ያቆማሉ። ሃይስኩል ሲገቡ አማርኛ የሚባል ክፍል የለም። «ከታች አለ፣ ከላይ የለም። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ» አሉ። የካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሃያ አምስት ተማሪ በአካል ቀርቦ ከተመዘገበ እንደሚያስብበት ገለጸላቸው።

በ2014 መስከረም፣ በሁለት እሑድ ብቻ፣ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመው የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆችን ስም ሰበሰቡ። በምዝገባው ዕለት የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ ሁለቱ የባለቤታቸው የወንድም ልጆች ናቸው።

ያን ዕለት አቶ ይገዙ በባዶው አዳራሽ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ራሳቸው አጣጥፈው ሰበሰቡ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበርና የቅርብ ወዳጃቸው አቶ ፍቅረማርያም ሊያጽናኗቸው ሞከሩ፦ «ይገዙ፣ ምን ነካህ? አንተን ማን ፊት ለፊት እምቢ ይልሃል? የሁላችንንም ልጆች በዚያ አውቶቡስህ አመላልሰሃል። ወረቀቱን ከዘረጋህ ሰው ለይሉኝታ ድመቱንም ያስመዘግባል።»

ይህ አነጋገር ሥራቸውን ለወጠው። ጽሕፈት ቤቱ እስከ ማርች የመጨረሻ ዕድል ሰጥቷቸው ስለነበር፣ ዝርዝሩን ቀደው ጣሉና በአዲስ ደብተር ጀመሩ። የብርዱን ወራት በሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ ወላጅ ስለ ልጁ አይፈርምም፤ የሚፈርመው ልጁ ራሱ ነው። ሁለተኛው፣ እምቢ ያለ ሰው ይመሰገናል፤ እምቢ ያለበትም ምክንያት ይጻፋል። ለእምቢታ የተተዉት ገጾች ለእሺታ ከተተዉት ይበልጡ ነበር።

የመጀመሪያዋ እምቢ ባይ የአቶ ፍቅረማርያም ልጅ ማሂ ናት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «ጋሼ፣ ሶሪ፣ ስፓኒሽ ኦልሬዲ ጀምሬያለሁ» አለች። «ላይክ፣ አማርኛ ለኮሌጅ ምን ይሠራልኛል? ክሬዲት ካልሆነ ታይሜን ዌስት አላደርግም።»

አባቷ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አታፍሪም?» ብለው ሲቆጡ፣ አቶ ይገዙ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «ተዋት። በዚህ ከተማ እስካሁን እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።» ቃሏን እንደተናገረችው በደብተሩ ጻፉት፤ መልሰው አነበቡላትና «ልክ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። «ልክ ነው» አለች።

እስከ ፌብሩዋሪ አርባ አራት እምቢታ ተሰበሰበ። አንዱ ክሬዲት የለውም ይላል፤ ሌላው ከትምህርት በኋላ ከሆነ የሚመልሰው መኪና የለም ይላል፤ አንዱ ደግሞ እንደ ሕፃን «ሀ ሁ» ብለው ሊያስጀምሩኝ ነው ብሎ ይፈራል። አቶ ይገዙ ይህን ደብተር ይዘው የትምህርት ቦርዱ ፊት ቀረቡ። ስለ ባህልና ስለ ታሪክ ንግግር ያደርጋሉ ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተገረመ። የልጆቹን እምቢታ ከነምክንያቱ አንብበው «እነዚህን ከመለሳችሁልኝ ልጆቹን እኔ አመጣለሁ» ብለው ተቀመጡ። ቦርዱም አማርኛ እንደ ማንኛውም የውጭ ቋንቋ ለምረቃ የሚቆጠር ክሬዲት እንዲያዝለትና በመደበኛው የትምህርት ሰዓት እንዲሰጥ ፈቀደ። የጆርጂያ ግዛት የመምህርነት ፈቃድ የነበራቸው ወይዘሮ አስማም ክፍሉን ለመምራት ፈቃደኛ ሆኑ።

በማርች 2015 ምዝገባ በደብተሩ በእጃቸው የፈረሙ ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩ። የመጡት ሠላሳ ሁለት ሆኑ። ሠላሳ ሁለተኛዋ ማሂ ናት። አቶ ይገዙ ደብተሩን ገልጠው «አንቺ እኮ እዚህ እምቢ ብለሻል» ሲሏት፣ «እምቢዬን ስለጻፍከው ነው የመጣሁት። ሁሉም ሰው እሺ እንድል ብቻ ነው የሚፈልገው» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፋ። በ2019 በዚያው በአትላንታ ዙሪያ፣ በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ በኩል ሁለተኛ ክፍል ተከፈተ። ኤርሚያስ ለተማሪዎቹ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ራኬብ በአየርላንዱ ትምህርት ቤት አብረዋት ከጀመሩት ጓደኞቿ ጋር ተማሪዎቹን በደብዳቤ አገናኘች። በአሥር ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ልጆች በአማርኛ ክሬዲት አግኝተው ሃይስኩልን ጨርሰዋል። አባታቸው ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ይዞሩ የነበሩት አቶ ይገዙ፣ ልጆች በሁለት ቋንቋ ሲጽፉ ለማየት በቁ።

በ2025 ጸደይ አቶ ይገዙ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። የመጀመሪያው ዙር ሕክምና አልረዳቸውም። ሐኪማቸው ሁለተኛ ዙር ባቀረቡላቸው ጊዜ በጥሞና ከሰሙ በኋላ አመሰገኑና እምቢ አሉ። ምክንያታቸውንም እንደ ልማዳቸው ተናገሩ፦ «ኦገስት አራት ቀጠሮ አለኝ።»

ኦገስት 4 ቀን 2025 ሦስተኛው የአማርኛ ክፍል በማሪዬታ በኩል ተከፈተ። መምህርቷ ማሂ ፍቅረማርያም ነበረች። አቶ ይገዙ በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው ገቡና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማሂ የሃያ ዘጠኙን ተማሪዎች ስም ጠርታ ስትጨርስ መዝገቡን አልዘጋችም።

«ይገዙ ነጋሽ» አለች።

«አለሁ» አሉ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ።

አቶ ይገዙ ነጋሽ ኖቬምበር 9 ቀን 2025፣ እሑድ ጠዋት፣ በስኔልቪል በመኖሪያ ቤታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። የሠላሳ አምስት ዓመት የትዳር አጋራቸው ወይዘሮ ፍቅርተ ሰርፀ፣ ልጆቻቸው ራኬብና ኤርሚያስ፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው ሶፍያ፣ በድሬዳዋ የሚኖሩ እህታቸው ወይዘሮ ትዕግስት ነጋሽ፣ እንዲሁም በአውቶቡሳቸው የተሳፈሩ ልጆች ሁሉ በሕይወት አሉ።

በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ለጸለያችሁና ዛሬም ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ደብተራቸው በአዳራሹ መግቢያ ተቀምጧል፤ ብዙ ነጭ ገጽ ቀርቶታል። ልጅ ያላችሁ ልጃችሁ ራሱ ይፈርም፤ የማይፈልግም ምክንያቱን ይጻፍ፤ ሁለቱም መልስ ይሰጣቸዋል።

አምላካችን ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ያኑርልን፤ በዚያም ሲጠሩ «አለሁ» የሚሉ ያድርጋቸው። አሜን።