እንግሊዟ ለምን ትፈላለች

ግንቦት 4፣ ከቀኑ 9፡00
እንግሊዟ መኪናችን ዛሬም ፈላች። ሲሪንቃን ሳናልፍ። የሙቀት ቀስቷ ቀዩ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት። ጀሪካን። ጨርቅ። ከጎማው ሥር ድንጋይ። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ “እናቴ፣ ሽሮ ነው ወይስ ሞተር?” ብሎን አለፈ። አባዬ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ደብተሬ፣ ንዴቴን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ከረመች። መካኒኩ ሰይድ ራዲያተሩን ከሁለት ረድፍ ወደ ሦስት አሳደገው። ከጃፓን ፒካፕ የወጣ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ገጠመላት። ውጤቱ ሽሮ።

ግንቦት 5
ደሳለኝ ከአ.አ. ደወለ። ገዢ አግኝቷል፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው። ግንቦት 16 ጭነት መኪና ይልካል። የሰማንያ ሁለት ዓመት አባቱ በቀትር አስፋልት ዳር መቆማቸውን መስማት ሰልችቶታል። ወንድሜ እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም ያ ነው።

አባዬ በአንድ ውል ተስማሙ። በቀትር ከመርሳ ወልድያ ሳትፈላ ከወጣች እኛው ጋ ትቀራለች። ከፈላች ትጫናለች። የምነዳት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ ቤት ውስጥ አያወሩም። “ውሃ”፣ “ተይው”፣ “ዝጊው” ብቻ። እዚያች ጣሪያ የሌላት መኪና ዝቅተኛ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን አፋቸው ይፈታል። ስለ መንገድ ሥራው ዘመን፤ መኪናዋን ለሾፌሩ፣ ለእሳቸው፣ ትቶ ወደ አገሩ ስለ ገባው እንግሊዛዊ መሐንዲስ፤ አንዳንዴ ስለ እናቴ። መኪናዋ ከተጫነች ድምፃቸውም አብሮ ይጫናል።

ግንቦት 7፣ ከት/ቤት መልስ
ጋራዥ። አባዬም አብረውኝ። ሰይድ ያንኑ ጥያቄ ደገመው፤ ቴርሞስታቷ የት ሄደች? ሞተሩ አናት ላይ የምትገባ፣ ውሃው ሲሞቅ የምትከፈት የናስ ቡሽ ናት። አባዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። “እኔ ነኝ አውጥቼ የጣልኳት፣ አንተ ሳትወለድ! ለበረዶ አገር የተሠራች ናት። እኛን ፀሐይ ያሞቀናል።”

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። መርሳም ወልድያም ያለ መካኒክ ቴርሞስታት ሲያገኝ አውጥቶ ይጥላል፤ ግማሾቹን ያስተማሯቸው አባዬ ናቸው። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ፣ “ጋሼ፣ ይቺ እንግሊዝ እንደ ሌሎቹ አይደለችም” አለ። “አንተ ራዲያተርህን በይድ!” አሉት።

እኔም ጨመርኩበት። ሥራህ ሲከሽፍብህ ምክንያት ትፈልጋለህ፣ ሙያ የለህም አልኩት፣ በሰው ፊት። ደስ አለኝ።

ግንቦት 10፣ ከቀኑ 8፡00
ብቻዬን ወደ ውርጌሳ ወጣሁ፤ ለሙከራ። ፈላች። ለሰይድ ደወልኩ፤ ሳይመጣ ይቀራል ብዬ ነበር። በሞተር ሳይክል መጣ። ስለ ጋራዡ ስድቤ አላነሣም።

“መምህርት፣ እጅሽን አምጪ።” የራዲያተሩን ታች አስነካኝ። ለብ ያለ። ሞተሩ እየፈላ፣ ራዲያተሩ ለብ ያለ! ቀጥሎ ከሞተሩ አናት ወጥታ ወደ ፓምፑ የምትመለስ አጭር ጎማ አስነካኝ። ጣቴ ተቃጠለ።

አስረዳኝ። ያቺ ቡሽ ሁለት ሥራ አላት። ወደ ራዲያተሩ ያለውን በር ስትከፍት አቋራጩን፣ ያቺን አጭር ጎማ፣ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች አቋራጩ ሁሌም ክፍት ነው፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። “የአንቺን ተማሪዎች ነው የሚመስለው። ት/ቤት በር ድረስ መጥቶ፣ ዞሮ ቤቱ!”

ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ጀሪካን በእግሮቿ መሃል ይዛ ተጓዘች። ቀሚሷ እርጥብ። ግራና ከተማ የሚኖረው ወንድሟ የሞተ ዕለት መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ፈላን። ስንደርስ አፈሩ ተመልሷል። እሷ አፈሩ ላይ ወደቀች፤ አባዬ ለለቀስተኛው ሁሉ ሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱ ነው ይሉ ነበር።

ሙቀቱ አልነበረም።

ግንቦት 11
ነገርኳቸው። “ሰይድ ምን ያውቃል?” አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቴ ላይ። የግራናውን ቀብር አነሣሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ “ሙቀቱ ነበር።”

ጽሑፌ አይነበብም።

ግንቦት 14፣ ከቀኑ 10፡00
ሰይድ ወልድያ ከተፈታ አሮጌ የእንግሊዝ ጭነት መኪና ልኳ የሆነች ቴርሞስታት አገኘ። ገጠማት። እዚያው፣ ያኔ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። አፈረ። “አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን፤ አሁን መሪውን ያዢ” አለኝ።

አባዬ አልመጡም። ከነቡሿ አልቀመጥም አሉ። ሰይድ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀትር። ሲሪንቃ አለፈ። ዳገቱ። ከፊታችን ሲኖትራክ እያዘገመ፤ ይኼኔ ነው የምትፈላው። ቀስቷ መሃል ላይ ቆመች። አልነቃነቅ አለች። ወልድያ ገባን።

ሰይድ እያጨበጨበ ነው። እኔ መደሰት አቃተኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር? በጭብጥ የምትያዝ ናስ። አንድ ሰው “ተሳሳትኩ” እንዳይል ስንቱ ዳገት ላይ ቆምን።

ግንቦት 15፣ ከጠዋቱ 2፡00
ለደሳለኝ ደወልኩ። ጭነት መኪናው እንዳይመጣ። ውል ውል ነው፣ ወጥታለች አልኩት። አባዬ ምን አሉ አለኝ። ራስህ ጠይቃቸው አልኩት።

አሁን በር ላይ ናቸው። ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው። ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልፉ የት ነው ይሉኛል። እንዲሳፈሩ እፈልጋለሁ፤ ሲያወሩ መስማት ናፍቆኛል። ግን ወስኛለሁ። አስቀድመን በእግር ጋራዥ እንሄዳለን። ሰይድን ይቅርታ ይጠይቁታል፤ ባስተማሯቸው ልጆች ፊት። የእናቴን ዕዳ የሚቀበል የለም፤ የሰይድን ግን የሚቀበል አለ። እስከዚያ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል።

ነገርኳቸው። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከፊታቸው ተቀመጥኩ፤ አንቺን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው። ኮታቸውን አላወለቁም። አሁን ከዘራቸውን ያዙ። ተነሡ። ወደ ቤት ይሁን ወደ መንገዱ ገና አልለየልኝም።